የአሳማ ጥይት

ለክረምት ዕረፍት ወደ ሻኪሶ ስንወርድ የሚጠብቀን ጥያቄ ብዙ ነው። አንዱ የተበላሸ ስልኩን ይዞ ይመጣና «እናንተ ታውቁታላችሁ» ይላል። አንዷ ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን መድኃኒት ከመቀነቷ ፈትታ በቀን ስንቴ እንደሚዋጥ ታስነብበናለች። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ የማያውቀው ነገር የለም ተብሎ ስለሚታመን «አናውቅም» ማለት ያሳፍረናል። ስለዚህ እንመልሳለን። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም።

ያለፈው ክረምት ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። ጋሼ፣ ማለት የእናታችን ወንድም፣ አቦሉ እንኳ ሳይነሣ አንድ የተቋጠረ ጨርቅ አምጥተው ፊታችን ፈቱት። አሥራ አንድ ባዶ ቀለህና አምስት ሙሉ ጥይት ነበረበት። ሁሉም የምንሽር ነው። ከሁለታችን ወደ አንዳችን እያዩ፣ «ኬሚስትሪ ነው አይደል የምትማረው? እስቲ እነዚህን ቀለሆች ሙሉልን። ቦዬ ጨረሰን» አሉ።

ቦዬ የጉጂ ጎረቤቶቻችን የዱር አሳማን የሚጠሩበት ስም ነው። ከሌላ አገር የመጣችሁ ጓደኞቻችን ከከርከሮ ጋር እንዳታምታቱት። ከርከሮ የቀን አውሬ ነው፤ ሜዳ ላይ ተንበርክኮ ሣር ሲግጥ፣ ሲደነግጥም ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ሲሮጥ ይታያል። ሲመሽ ጉድጓዱ ይገባል። ቦዬ የሌሊት ነው። ቀን ጥቅጥቅ ባለው ጫካ ተኝቶ ይውልና ሲጨልም ግልገሎቹን አስከትሎ በመንጋ ይወጣል። የደረሰው ወንድ ከአንድ ጎልማሳ ሰው የሚከብድ፣ አንዳንዱም መቶ ኪሎ የሚደርስ ነው። በቆሎ ማሳ ሲገባ አንድ እሸት ለመብላት አገዳውን ይጥለዋል፤ ትንሽ ቀምሶለት ወደሚቀጥለው ይሄዳል። እንሰት ካገኘ አሚቾውን ቆፍሮ ያወጣል። የጋሼ ማሳ ከጫካው ጋር የሚዋሰን በመሆኑ በሐምሌ አጋማሽ አንዱ ጥግ ተረጋግጦ ዐውድማ መስሎ ነበር። የእኛ የመሳፈሪያና የደብተር ገንዘብ የሚወጣውም ከዚያው ማሳ ነው። ስለዚህ ነገሩ የአሳማ ወሬ ብቻ አልነበረም።

የጋሼ ምንሽር ፈቃድ አለው። ጥይት ግን የለውም። እኛ ቤት ምንሽር የሚባለው የጣልያኑ ካርካኖ ነው፤ ሞዴሉ እ.ኤ.አ. የ1891 ሲሆን የአፈሙዙ ስፋት 6.5 ሚሊ ሜትር ነው። በ1928 ዓ.ም. ወራሪው ይዞት ገባ፣ በ1933 ዓ.ም. ትቶት ወጣ። ጠመንጃው ቀረ፤ ጥይቱ እያደር አለቀ። ቀለህ ተለቅሞ በጨርቅ የሚቋጠረውም ለዚህ ነው።

ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤታችን መላ አላጣም። «ምን ያስቸግራል? የክላሽ ጥይት ፈልቅቆ ባሩዱን ምንሽሩ ቀለህ ውስጥ መገልበጥ ነው። ባሩድ እንደሆነ ያው ባሩድ ነው» አለ።

ከመደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያንቀላፉ ይመስሉ የነበሩት አባባ፣ አያታችን፣ ቀና አሉ። «ውሃም ያው ውሃ ነው» አሉ፤ «ግን ጠበልና ጎርፍ አንድ ነው?»

አባባ ሰማንያን አልፈዋል። በጃንሆይ ዘመን ለአዶላ ወርቅ ሥራ ከሸዋ የመጡ ናቸው። አባታቸው በአምስቱ የጠላት ዘመን ጫካ የገቡ አርበኛ ነበሩ፤ የተዋጉበትም ውጅግራ ነው። ስሙ እንዲህ ሆኖ የቀረው ፈረንሳዮቹ «ፊዚ ግራ» ከሚሉት ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ባንድ የሚጎርስ ጠመንጃ። በምኒልክ ዘመን በብዛት ገብቶ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ውሏል። ጥይቱ በደቡብና በምዕራብ ገበያዎች እንደ ገንዘብ እስከ መገበያያነት የደረሰበት ጊዜ ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ ቀለሁ አይጣልም። አባባ ልጅ ሳሉ አባታቸው ሲሞሉ ወናፍ ይዘው ያናፉ ነበር። እርሳሱ በሸክላ ይቀልጣል፣ በነሐስ ቅርጽ ይፈሳል፤ ጥቁሩ ባሩድ ቀንድ በተቆረጠች መስፈሪያ ይሰፈራል፤ እያንዳንዱ ቀለህ ተሰንጥቆ እንደሆነ በጥፍር እየተዳበሰ ይታያል። አንድ ዝናር መሙላት ሳምንት ይፈጅ ነበር ይሉናል። ሲሉንም ጨምረው፣ «በእጁ የሞላ ሰው ቶሎ አይተኩስም» ይላሉ። ጠመንጃው በ1967 ዓ.ም. ለውጡ ሲመጣ ተረከቡት። እሳቸው ዘንድ የቀረው የነሐሱ ቅርጽና አንድ ጥይት ብቻ ነው፤ ከዳዊታቸው ጋር በሣጥን ተቀምጧል።

የጎረቤታችንን መላ በተመለከተ ኬሚስትሪያችን ከአባባ ጋር ተስማማ። ጥቁር ባሩድ ድኝና ከሰል ያለበት ያ የድሮው ነው፤ ጭሱ ዓይን ያጠፋል፣ ጠባዩ ግን ብዙ አይለዋወጥም። የፈረንሳዩ ኬሚስት ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ከሠራ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። ይህኛው በታፈነ ቁጥር ይፈጥናል፤ በፈጠነ ቁጥር ደግሞ ግፊቱን ያበዛዋል። ለዚህ ነው ለአንዱ ጥይት የተለካ ባሩድ ለሌላው የማይሆነው። ለአጭሩ የክላሽ ቀለህ የተዘጋጀውን ፈጣን ባሩድ በረጅሙ የምንሽር ቀለህ ሙሉ ገልብጦ ቃታ የሚስብ ሰው፣ የሚፈነዳው ከዓይኑ አንድ ስንዝር ላይ ነው። ይህን አስረዳን። ጎረቤታችን «አይ ትምህርት!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ጋሼ ግን ቀለሆቹን ወደ ጨርቁ መለሱ።

እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበርን።

«እሺ አትሞሉም» አሉ ጋሼ። «ታዲያ ካለው ምረጡልኛ። እነዚህ አምስት ጥይቶች አሉ። ወይ ደግሞ ክላሽ ያለው ሰው ለምኜ አብሮኝ ይደር። የቱ ነው ቦዬን የሚጥለው?»

«አናውቅም» ማለት የነበረብን ያኔ ነው። እኛ እርሳስና ወረቀት አወጣን። ከስልካችን ላይ የየጥይቱን ክብደትና ፍጥነት አገኘንና የአሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክሳችንን ሠራን፤ ግማሽ ሲባዛ በክብደት ሲባዛ በፍጥነት ስኩዌር። የክላሽ አረር 8 ግራም ገደማ ነው፣ በሰከንድ 715 ሜትር ይበራል፤ 2000 ጁል ያህል ወጣ። የምንሽሩ 10.5 ግራም ነው፣ በሰከንድ ወደ 700 ሜትር፤ ከ2500 ጁል በላይ። አባባን ደስ እንዲላቸው የውጅግራውንም ሠራንላቸው። 25 ግራም የሚመዝን ድፍን እርሳስ ነው፣ ፍጥነቱ ግን በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ብቻ። እሱም ከ2500 ጁል በላይ ሆነ።

«ስለዚህ የአባቴ ጥይትና የጣልያኑ እኩል ነው ትሉኛላችሁ?» አሉ አባባ።

«እኩል ነው አባባ፤ ይኸው ሒሳቡ።»

«አይደለም» አሉ። «የአባቴ ጥይት ከርከሮው ውስጥ ይቀር ነበር። የጣልያኑ ይገባል፣ ይወጣል፣ መንገዱን ይቀጥላል።»

ሽማግሌ የድሮውን ይወዳል ብለን ተሳሳቅን። ከወረቀቱ ግርጌ «ምንሽር» ብለን ጻፍንና ሁለት ጊዜ አሰመርንበት።

በሦስተኛው ሌሊት ከጋሼ ጋር ማማ ላይ አደርን። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ጨረቃ ግን አልነበረችም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ አገዳ ሲሰበር ሰማን። ቀሽ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ደግሞ ቀሽ። ማማው ላይ ሆኖ መተኮስ ይቻል ነበር። ነገር ግን ያለን አምስት ጥይት ብቻ ነውና እንዳይባክን ቀረብ እንበል አልን። ሐሳቡ የእኛ ነበር። ወርደን በጭቃው ላይ እያዳመጥን ሄድንና አርባ እርምጃ ያህል ሲቀረን ባትሪውን አበራነው። ወንዱ አሳማ ከነግርማው ጎኑን ሰጥቶን ቆሟል፤ ዓይኑ አበራ። ጋሼ ተንበረከኩ፣ ሰደፉን ትከሻቸው ላይ አደረጉ፣ ሳቡ።

አሳማው ዘለለ። ያ ሁሉ ጁል መትቶት ወደቀ ብለን ስንጠብቅ አገዳውን እየጣሰ ወደ ቡናው ገባ። መንጋውም ተከትሎት ፈረጠጠ። ከዚያ ዝም ሲል፣ ከማሳው ወዲያ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ በኩል፣ የልጅ ድምፅ ሰማን።

«ኧረ ሰው አለ! ኧረ በናታችሁ! ሰው ነን!»

ሻኪሶን የማታውቁ፣ ያን ሰዓት በዚያ መንገድ ማን ይሄዳል ትሉ ይሆናል። ወርቅ የሚያጥቡ ልጆች ይሄዳሉ። ቦታ እንዳይቀደሙ ሳይነጋ ይወጣሉ፤ ባትሪ እንዳያልቅባቸው አጥፍተው ይጓዛሉ። ይህን እኛ እናውቃለን። እዚያው ነው ያደግነው። ወረቀታችን ላይ ግን አልጻፍነውም።

ጋሼ ጠመንጃውን ጭቃ ላይ ጥለው ሮጡ። «ተመታችሁ? ማን ተመታ?» ይላሉ እየደጋገሙ። «ውሃችን ነው የተመታው!» አለ አንዱ። ሦስት ናቸው። ትልቁ አሥራ አራት ዓመት አይሞላውም። አካፋና መጠበጫ ሳህን ይዘዋል፤ ትንሹ ቢጫ ጄሪካን ተሸክሟል። ጄሪካኑ በአንድ ጎኑ ቀዳዳ፣ በሌላው ጎኑ ቀዳዳ አለው፤ ውሃው በልጁ ሱሪ ላይ ይወርዳል። ልጁ ግን እንደያዘው ቆሟል፣ አላስቀመጠውም። ከቀዳዳው እስከ ወገቡ አንድ ክንድ አይሆንም።

ያን ሌሊት ሰፈሩ ሁሉ ነቃ። በእነዚህ ባለፉት ዓመታት በእኛ አካባቢ ሌሊት የሰማውን ተኩስ «ለአሳማ ይሆናል» ብሎ ተገላብጦ የሚተኛ ሰው የለም። ሰው መብራቱን አጥፍቶ፣ ልጆቹን ከአልጋ በታች አስገብቶ ነበር ያደረው። ይህን የሰማነው በማግስቱ ነው።

ጠዋት የልጁ እናት ጄሪካኑን ይዛ መጣች። ጋሼ አዲስ ጄሪካን ገዝተው፣ ሽማግሌ ይዘው ሊሄዱ ሲዘጋጁ ቀደመቻቸው። ትጮኻለች ብለን ፈርተን ነበር፤ አልጮኸችም። ተቀመጪ ቢሏት አልተቀመጠችም። ሌባ ጣቷን በአንደኛው ቀዳዳ አስገባች፣ አወጣች፤ በሁለተኛውም አስገባች። ከዚያ ጋሼን ሳይሆን እኛን ጠየቀችን።

«ይኼ ስንት ሰው ይበሳል?»

ጁሉን አስልተናል። እርምጃውን ቆጥረናል። እሷ የጠየቀችውን ግን አላሰብነውም ነበር፤ የምንመልሰው አጣን። አባባ ከመደቡ ወርደው ጫማዋ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ያዘቻቸውና «ተዉ አባቴ፣ ልጄ በሕይወት አለ» አለች።

አሳማው በሦስተኛው ቀን በሽታው ተገኘ። ቡናው ውስጥ፣ ውሃ ያቆረ የድሮ የወርቅ ጉድጓድ አጠገብ ወድቆ ነበር። አንዱ ጎኑ ላይ ጠባብ ቀዳዳ፣ ሌላው ጎኑ ላይ ጠባብ ቀዳዳ። አፈሩን በእግሩ ብዙ ፍቆታል፤ ቶሎ እንዳልሞተ ያስታውቃል። የሚበላ ሥጋ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ደሙን ተከትለን እንፈልገው ነበር። ነገር ግን አሳማ ክርስቲያኑም አይበላው፣ እስላሙም አይበላው፣ የጉጂ ጎረቤቶቻችንም አይነኩት። የማይበላ አውሬ ቆስሎ ቢሄድ የሚከተለው የለም። ይህም ያን ቀን ነው የታየን።

ግቢ ከተመለስን በኋላ ነገሩ አላስተኛ ስላለን ቤተ መጻሕፍት ገባን። የወታደር ጥይት እርሳሱ በጠንካራ ብረት ተሸፍኖ የሚሠራ ነው። ገላ ውስጥ ሲገባ አይሰፋም፤ እንደ ወስፌ ወግቶ ያልፋል። እንዲህ የሆነውም በአጋጣሚ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች ሕንድ ውስጥ ካልካታ አጠገብ ዱም ዱም በሚባል ቦታ አፉ ለስላሳ የሆነ፣ ገላ ውስጥ ሲገባ እንደ እንጉዳይ የሚሰፋ ጥይት ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1899 በሄግ የተሰበሰቡ መንግሥታት ይህ ዓይነቱ ጥይት በጦርነት ሰው ላይ እንዳይተኮስ የሚል መግለጫ አወጡ። ቁስሉ አረመኔያዊ ነው ብለው። ለአውሬ አዳኞች ግን ሕጉ የተገላቢጦሽ ነው። በአሜሪካ የዱር አሳማ የሚያድኑ ገበሬዎች ከቀለህ እስከ አረር በእጃቸው መርጠው፣ ባሩዱን በሚዛን ለክተው የሚሞሉ አሉ። የሚመርጡትም ከባድና አፉ ለስላሳ የሆነውን ነው፤ እንስሳው ውስጥ ሰፍቶ ጉልበቱን እዚያው እንዲጨርስ፣ እንስሳውም ቶሎ እንዲሞት፣ ከኋላ ያለውም እንዲድን።

የአባባ ነገር ያኔ ገባን። ድፍኑ የውጅግራ እርሳስ ቀርፋፋና ለስላሳ ነው፤ ይጨፈለቃል፣ ይሰፋል፣ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይቀራል። ሁለቱ ጥይቶች ይዘውት የሚመጡት ጉልበት እኩል ነው፤ ሒሳባችን አልተሳሳተም። ያልጠየቅነው የት ያወርዱታል የሚለውን ነው። የአርበኛው ጥይት ሸክሙን አሳማው ላይ ያራግፋል፤ የእኛ ምርጫ ግን ግማሹን ተሸክሞ ወደ ልጁ ሄደ።

አንድ ሌላ ነገርም አሰብን። ውጅግራ የገባው ለጦርነት ነው። ምንሽርን ወራሪ ነው ይዞት የመጣው። ክላሽ ደግሞ ከ1969ና 70 ዓ.ም. የሶማሌ ጦርነት ወዲህ በየጊዜው በተነሣው ጦርነት ሁሉ የተበተነ ነው። በየገጠራችን በጨርቅ የተቋጠረው፣ በሣጥን የተቀመጠው ጥይት ሁሉ ለሰው ተብሎ የተሠራ ነው። ጋሼ ለአሳማ የሚሆን ምረጡልኝ ሲሉን፣ ከፊታችን ለአሳማ የተሠራ አንድም አልነበረም። እኛ ከሰው ጥይት መካከል መርጠን ሰጠናቸው። ምኑ ይደንቃል ሰው ፍለጋ ቢሄድ!

ጥፋታችንን ለሕግ ክርክር አናቀርብም፤ ግን ሕጉንም ማየት ነበረብን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አለ። የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 541 ደግሞ በ1999 ዓ.ም. የወጣ ነው። የጋሼ ፈቃድ የጠመንጃው እንጂ የአሳማው አልነበረም። ለወረዳው ባለሙያ እናመልክት ያለ ሰው በመካከላችን አልነበረም፤ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ባለንበት ቤት!

የቀሩት አራት ጥይቶች ወደ ጨርቃቸው ተመልሰዋል። ከዚያ ሌሊት በኋላ የጋሼና የጎረቤቶቻቸው ማሳ በአንድነት ይጠበቅ ጀመር። በጫካው በኩል ቦይ ቆፈርን፣ ውሻ ጨመርን፣ ማማው ሁለት ሆነ፣ ተራ ወጣ። የልጁ ቤተሰብም ተራ አላቸው። የተበሳውን ጄሪካን እናቲቱ ትታው ሄዳ ነበርና ጋሼ ማማው ላይ ሰቀሉት። የቦዬ ኮቴ ሲሰማ ተረኛው በዱላ ይደበድበዋል። ወርቅ አጣቢዎቹም ሲሰሙት ባትሪያቸውን አብርተው «አለን!» ብለው ይጮኻሉ።

ቦዬ አንዳንድ ሌሊት ይሸሻል። አንዳንድ ሌሊት አይሸሽም። ከበቆሎው የሄደው ሄዷል፤ ዘንድሮ ለመሳፈሪያ የተቀበልነውም ከአምናው ያንሳል። አልተከፋንም።

ለመጪው ክረምት ስንወርድ ያው ስልክና መድኃኒት ይዘው እንደሚጠብቁን እናውቃለን። የማናውቀውን ሲጠይቁን «አናውቅም» ማለትን ከአሁኑ እየተለማመድን ነው። ብዙ ይከብዳል። የዚያች ሴት ጣት ትዝ ሲለን ግን ይቀለናል።